ጠባቂውም፣ አከራዩም፣ አፍራሹም አንድ ሲሆን

የመሀል አዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ስለ ቅርስ ጥበቃ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ የጣሪያ አሸንዳ ነው። ዝጎ የተቀደደ፣ የሐምሌን ዝናብ ተቀብሎ ጭቃው ግድግዳ ላይ የሚያወርድ አሸንዳ። ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር ወይም አራት ኪሎ ያደገ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። በረንዳቸው በተፈለፈለ ጣውላ ያጌጠ፣ ደረጃቸው ሲረገጥ የሚንቋቋ፣ ወለላቸው ሳንቃ የሆነ እነዚያ ቤቶች በአንድ ቀን አልጠፉም። ቡልዶዘር ደጃቸው ከመቆሙ ከብዙ ዓመታት በፊት መፍረስ ጀምረው ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ባለቤት ነበራቸው። ባለቤታቸው መንግሥት ነበር። የቅርስ ጠባቂውም መንግሥት ነበር። በመጨረሻ ያነሳቸውም ያው መንግሥት ነው። ስለዚህ ነገር ሳስብ ከርሜ አሁን ልጽፈው ተነሳሁ።

ሕጉን ብዙ አልወቅስም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የቅርስ አዋጅ ያወጣችው በ1950ዎቹ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ብዙ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቁምነገር ያለው ነው። ቅርስ የመንግሥትም የግለሰብም ሊሆን ይችላል ይላል። በእጁ ቅርስ ያለ ሰው በሚገባ የመያዝና የመንከባከብ ግዴታ አለበት። የቅርስ ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ ማደስ አይቻልም። ከቦታው ማንሳትም በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። መሠረት ሲቆፍር ወይም መንገድ ሲሠራ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ መጠበቅ አለበት። ቅርስ መስረቅም ሆን ብሎ ማጥፋትም ለዓመታት የሚያሳስር ወንጀል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋውም ግዴታ አድርጎታል።

ዓለም አቀፍ እውቅናውም ከጥንት የመጣ ነው። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ዛሬ መዝገቡ ላይ ያሉን ቦታዎች ቁጥርም 12 ደርሷል። ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቀው መልካ ቁንጡሬ የተጨመረው በ2016 ነው።

ከተወሰደብን ለማስመለስ ሲሆንም መንግሥት ሲጠነክር አይተናል። የአክሱም ሐውልት በ1929 ተወስዶ ሮም ቆመ። ጣሊያን እንድትመልሰው በ1939ኙ የሰላም ስምምነት ተጻፈ። የተመለሰው በ1997 ነው። በዚህ መሀል ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሦስት መንግሥት ተቀያይሯል። ጥያቄው ግን አልተጣለም። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ቦታው ላይ ቆመ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት እስካሁን አለ።

የዘውዱ ታሪክ ግን ከሐውልቱ የበለጠ ያሳስበኛል። ትግራይ ውስጥ ካለው የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዘውድ ጠፋ። ዘውዱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዓመታት በኋላ ሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው የተባለ ኢትዮጵያዊ ቤቱ ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኘው። አላስወጣም አለ። ለ21 ዓመት ደብቆ አቆየው። ከዚያ የካቲት 2012 ላይ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። እኔን የሚከነክነኝ እነዚያ 21 ዓመታት ናቸው። ሰውየው ዘውዱን ለራሱ አልፈለገውም። ቢመልሰው ተመልሶ እንዳይጠፋ ፈርቶ ነው የጠበቀው። ከአንድ የሀገር ቅርስ ጠባቂ መጀመሪያ የሚፈለገው ይሄው ይመስለኛል፦ ዜጋው «እነሱ ጋ ከገባ አይጠፋም» ብሎ ማመኑ።

በሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች በኩል ይህ እምነት ቀስ በቀስ እየተገነባ ነው። ቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች አሠራሩን ያውቁታል። ጥንታዊ የሚመስል መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ይዞ ከሀገር መውጣት የፈለገ ሰው አምስት ኪሎ ሄዶ ዕቃውን ያስመረምራል። ቅርስ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ኤርፖርት ላይ ይጠየቃል። ድንቅነሽም እዚያው ግቢ ናት። ጎብኚ የሚያየው ቅጂዋን ነው። ዋናው አጥንት ለብቻው ይጠበቃል። ከ1999 እስከ 2005 አሜሪካ ስትዞር አጥንቱ ለጉዞ አይሆንም ብለው የተቃወሙ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔም ሐሳባቸውን እጋራለሁ። ቢሆንም በሰላም ተመልሳለች።

እንግዲህ ቁልፍ የሚቆለፍበት፣ መስታወት የሚከደንበት ነገር ሲሆን እንችላለን። ሰው የሚኖርበት ቤት ሲሆን ነው የሚከብደን።

ለምን እንደሚከብደን ለመረዳት ወደ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ቀረለት። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። የመሀል ከተማ አሮጌ ቤቶች፣ የመኳንንቱም የነጋዴውም፣ በብዛት በዚህ መንገድ እጅ ለወጡ።

ስለ ፍትሐዊነቱ ዛሬ አልከራከርም። ብዙ ድሃ ያን ጊዜ ቤት አግኝቷል፣ የኛም ዘመዶች አሉበት። የምለው ስለ ቤቶቹ ነው። ለአንድ የመኳንንት ቤተሰብ የተሠራ ፎቅ ለስድስት፣ ለሰባት አባወራ ተሸነሸነ። እልፍኙ በቺፑድ ተከፈለ። በረንዳው ወጥ ቤት ሆነ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቀረ፣ በመጨረሻ የታክሲ ሒሳብ እንኳ የማያህል ሆነ። በዚያ ኪራይ ጣሪያ ማደስ አይቻልም። ተከራዩ የኔ አይደለም ይላል። ቀበሌው በጀት የለም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የጭቃና የእንጨት ቤት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አንድ ቆርቆሮ ሲቀደድ ወይም አሸንዳ ሲነቀል ውሃው ግድግዳው አናት ላይ ይገባል። ጭድ ገብቶበት የተቦካው ምርጊት እርጥበቱን ይመጥጣል። ከውስጥ ያለው ማገር ይበሰብሳል። ከታች ደግሞ ቋሚው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ምስጥ ይገባል። ቤቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ሲጀምር ሥራው አልቋል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፣ መጀመሪያው ላይ ግን መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ አንድ አናጢ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቤቱን የሚጎዳው በቅንነት ነው። አሮጌ ጭቃ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው። ያምራል፣ ጠንካራም ይመስላል። ጭቃ ግን እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲሸፍነው የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ይጨርሰዋል። አሮጌ ጭቃ በጭቃ፣ ድንጋዩ በኖራ ነው የሚጠገነው። ይህን የሚያውቁ መራጊዎች አሁንም አሉ፣ ግን ማንም ሥራ ብሎ የሚጠራቸው የለም።

አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ እማማ የሚላቸው። የሚኖሩበት ክፍል የአንድ የድሮ ባለሟል ቤት የነበረ ሕንፃ ጓዳ ነው። በረንዳው ላይ የተፈለፈለው ጣውላ ሳይቀር ያምር ነበር። ጣሪያቸው ማፍሰስ ሲጀምር ልጆቻቸው ብር አዋጡ። መንግሥት እንዲያድስላቸው አልጠየቁም። ፈቃድ ብቻ ነበር የፈለጉት። አብሬያቸው ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ።

«ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል እማማ። ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም» አላቸው ጠረጴዛው ጋ ያለው ልጅ። ትሁት ነበር፣ ወንበርም ስቧል።

«እኮ ፈቃዱን ስጠኝ ልጄ፣ እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ባለሙያ መጥቶ ማየት አለበት።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እንደውልልዎታለን።»

አልተደወለም። ደጋግመን ጠየቅን። ክረምቱ ገባ። እማማ ሸራ አለበሱት፣ በላዩ ድንጋይ አስቀመጡበት። ክረምቱ ሳይወጣ የጓዳው የኋላ ግድግዳ ወረደ። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ባለሙያው መጣ። ዙሪያውን ተመለከተና ቤቱ ለኑሮ አስጊ ነው ብሎ ጽፎ ሄደ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያንን ልጅ ለመክሰስ አይደለም። እሱ ሕጉን ነው የነገራቸው። ግን ሕጉ በተግባር ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ምዝገባው እማማን ከለከላቸው፣ መንግሥትን ግን አላስገደደውም። አዋጁ የቅርስ ባለቤት መንከባከብ አለበት ይላል። የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው? መንግሥት። ታዲያ ግዴታውን ባይወጣ ማን ይጠይቀዋል? እኔ መልሱን ፈልጌ አላገኘሁትም። ግለሰብ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ይጠይቀው ነበር።

ጥር 2016 ላይ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ተመለሰች። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ የገጣጠማት፣ በወረራው ጊዜ የተወሰደችብን ናት። ደስ ያላለው ሰው አላውቅም። በየካቲት ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ገባ። ሦስቱም በሦስት ወር ውስጥ ነው የሆኑት፣ ሁለቱም ደስታዎች ከሦስተኛው ሐዘን ጋር አንድ ላይ ነው ትዝ የሚሉኝ።

ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። እነዚያ ሰፈሮች ውስጥ ያለው ኑሮ ለብዙዎች ከባድ ነበር። ለአሥር ቤት አንድ መጸዳጃ፣ አምቡላንስ የማይገባበት መተላለፊያ፣ እሳት ቢነሳ መውጫ የሌለው ግቢ። ልጅ ይዞ እዚያ ያልኖረ ሰው «ለምን ተነካ» ሲል ያናድደኛል። አሁን ማታ መብራት ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ እናቶች በሰላም ይሄዱበታል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

የሚያመኝ አካሄዱ ነው። ሰው በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ ተነሳ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ የተለያየ የዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገባ። እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የተዋወቀው የጉሊት ደንበኛ ተበተነ። ያም እኮ ቅርስ ነው፣ ሰነድ የሌለው። ቤቶቹን በሚመለከት ደግሞ የትኛው የተመዘገበ ነበር፣ የትኛው አልነበረም የሚል ክርክር ተነሳ። ክርክሩ የተጀመረው ከፈረሰ በኋላ ነው። ተራው ነዋሪ ዝርዝሩ በእጁ አልነበረም። ከመፍረሱ በፊት «ይሄኛውን ተዉት» ለማለት መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የጠባቂው ጉዳይ የሚመጣው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይለያል። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማዋን ቅርስ የሚመዘግበው የከተማው አስተዳደር ቢሮ ነው። መሬቱን የሚያስተዳድረው፣ በሊዝ የሚያስተላልፈው፣ መንገዱን የሚያሰፋውም ያው አስተዳደር ነው። የቀበሌ ቤቶቹም በሱ ስር ናቸው። እንግዲህ የቅርስ ባለሙያው «ይህ ቤት አይነካም» ማለት ያለበት ለገዛ አለቃው ነው። ሰው ከብረት የተሠራ አይደለም። በየቢሮው ለሥራቸው የሚቆረቆሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ቡና ጠጥቻለሁ። አደረጃጀቱ ግን ብቻቸውን ይጥላቸዋል።

የቆሙትን ቤቶች ሳይ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ውሰዱ። የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎዳ። ዜናውን የሰማን ቀን አለቀለት ብለን ነበር። ታድሶ ሥራውን ቀጠለ፣ ምክንያቱም ሰው ያድርበታል፣ የጾም ቡፌውን ይበላበታል፣ ገቢ አለው፣ ቢዘጋ የሚጎዳ ባለቤት አለው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከተማዋ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። ስድስት ኪሎ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገባበት፤ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይጎበኛል። ታላቁ ቤተ መንግሥት ለስንት ዘመን በአጥሩ ስር እንኳ ቀስ ብለን የማናልፍበት ቦታ ነበር። በ2012 አንድነት ፓርክ ሆኖ ሲከፈት አሮጌዎቹ አዳራሾች ታድሰው ሕዝብ ገባባቸው። ይህ ለመንግሥት የሚያስመሰግነው ሥራ ነው፣ እኔም ወላጆቼን ይዤ ሄጄ ዓይናቸው ሲያበራ አይቻለሁ።

ሁሉም ሥራ ያላቸው ቤቶች ናቸው። በር የሚከፍትላቸው፣ ጣሪያቸውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አላቸው። ደግሞም በአብዛኛው የነገሥታትና የመሳፍንት ቤቶች ናቸው። የነጋዴው፣ የልብስ ሰፊው፣ ከህንድና ከአርመን መጥተው አራዳን የገነቡት አናጢዎችና ግንበኞች ቤት እንደዚህ አልታደለም። አዲስ አበባን ከተማ ያደረጓት ግን እነሱም ናቸው። አንድ ልጅ ፒያሳ ቆሞ የሚያየው ቤተ መንግሥትና ሐውልት ብቻ ከሆነ ቅድመ አያቱ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ከየት ይገባዋል?

የምጠይቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በቅርስነት የተመዘገበ የመንግሥት ቤት ሁሉ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ጣሪያው ይታይ። ለዚህ ብቻ የሚውል፣ ትንሽም ቢሆን ቋሚ በጀት ይኑር። ተከራዩ በራሱ ብር መጠገን ሲፈልግ ባለሙያው በቀናት ውስጥ መጥቶ እንዲህ አድርግ፣ ይህን አትንካ ይበለው። ካልመጣ ጥገናው እንደተፈቀደ ይቆጠር። የጠገነ ተከራይ ደግሞ ነገ በቀላሉ የማይነሳበት ዋስትና ያግኝ፤ ያለዚያ ማን በሰው ቤት ላይ ቆርቆሮ ይመታል? የጭቃና የኖራ ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ወጣቶች ከነሱ ጋር ተቀጥረው ይማሩ። የከተማው ቅርስ ላይ የመጨረሻው ቃል ደግሞ መሬቱን ከሚያስተዳድረው አካል ውጭ ላለ ሰው ይሰጥ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የመንግሥትንም ግንባታ ማስቆም የሚችልበት አቅም ካላገኘ ሥልጣኑ የሚሠራው በኔና በእማማ ላይ ብቻ ነው።

ዝርዝሩን በተመለከተ ግን መጠበቅ አልችልም። የተመዘገበው ቤት ሁሉ ከነፎቶው፣ ከነአድራሻው በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ነዋሪው ያንብበው፣ የተረሳ ካለ ያስመዝግብ፣ የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ይናገር። ካዛንቺስም ከፒያሳ በኋላ ተነስቷል፣ ሥራው ወደ ሌሎች ሰፈሮች እየሄደ ነው። ቀጣዩ ሰፈር በር ላይ «ይፈርሳል» የሚል ምልክት ከመቀባቱ በፊት ዝርዝሩ እዚያ መድረስ አለበት።